መብራቱን ሳይሆን ውስጡን እንይ

ዛሬ ሐሳቤን የምሰጠው በእረፍት ሰዓት ቧንቧው ጋ ቆመን ሁልጊዜ ስለምንጨቃጨቅበት ነገር ነው፤ ስለ ጌሚንግ ኮምፒውተር። ጎኑ መስታወት የሆነውን፣ ውስጡ በቀይና በሰማያዊ መብራት የሚያበራውን ማለቴ ነው። አንዱ «ኤሊየንዌር ይበልጣል» ይላል፣ ሌላው «ኤምኤስአይ ነው እንጂ» ይላል። ደወል እስኪደወል እንከራከራለን። ከመካከላችን ግን አንዱንም በእጁ የነካ የለም ማለት ይቻላል።

እኔ አንድ ቀን ነክቻለሁ። የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ይሠራል። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እሱ ጋ እየሄድኩ ሱቁን እጠርግ ነበር። ታዲያ አንድ ሰውዬ ከአሜሪካ ይዞት የመጣውን ኤሊየንዌር አቧራው ይጸዳልኝ ብሎ አመጣው። ክዳኑ ሲነሳ ፈዝዤ ቀረሁ።

የአክስቴ ልጅ አንድ በአንድ አሳየኝ። «ይሄ ፕሮሰሰር ነው፣ ሒሳቡን የሚሠራው። ይሄ ራም ነው፣ አሁን የሚሠራበትን ነገር ይይዝለታል። ይሄ ትልቁ ደግሞ ግራፊክስ ካርድ ነው፤ የጌሙን ስዕል የሚስለው እሱ ነው» አለኝ። ስክሪኑ በአንድ ሰከንድ 60 ስዕል የሚያሳይ ከሆነ፣ ካርዱ አንዱን ስዕል ለመጨረስ ያለው ጊዜ 17 ሚሊሰከንድ አካባቢ ብቻ ነው። 144 ስዕል ከሆነ ደግሞ 7 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። ካላመናችሁኝ 1000ን ለ60 እና ለ144 አካፍላችሁ እዩት።

ሰዎች እነዚህን ኮምፒውተሮች ለምን ይወዳሉ? ኤሊየንዌርን እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ማያሚ ከተማ ያቋቋሙት ሁለት አብሮ አደግ ጓደኛሞች ናቸው። በ2006 ዴል ገዛቸው። ሥራቸው ለጌም ወዳጆች ጠንካራ ኮምፒውተር ገጣጥሞ መሸጥ ነበር። ገዢው ዕቃ በዕቃ እየለቀመ «ይሄ ከዚያ ጋር ይስማማል ወይ?» ብሎ አይጨነቅም። ተገጣጥሞና ተፈትኖ ይመጣለታል፤ ሶኬት ላይ ሰክቶ ይጫወታል። ቢበላሽም ዋስትና ስላለው የሚጠይቀው አንድ ድርጅት ነው። ውበቱም አለ። መኪና የሚወድ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ሲያይ እንደሚደሰተው ማለት ነው። ስለዚህ «ይሄ ሁሉ የገንዘብ ብክነት ነው» በሚሉት አልስማማም። በደንብ የተሠራ ነገር መውደድ ነውር የለውም።

ግን ዋጋውንም እንወቅ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የወጣው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5090 ግራፊክስ ካርድ ሲጀመር ዋጋው 1,999 ዶላር ነበር። ካርዱ ብቻ ነው ያልኩት! የሚወስደው ኃይል ደግሞ እስከ 575 ዋት ይደርሳል። ባለ 9 ዋት አምፖል ከ60 በላይ ያበራል ማለት ነው። መብራት ሲጠፋስ? ላፕቶፕ ስላልሆነ ባትሪ የለውም፤ ጸጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ስጽፍ ትንሽ አፍሬያለሁ። ባለፈው ወር ለጓደኞቼ «አጎቴ ሚኒስትሪ ሳልፍ ኤሊየንዌር ሊልክልኝ ነው» ብዬ ነበር። ውሸት ነው። አጎቴ ምንም አላለኝም። እንዲያ ካወራሁ በኋላ ሁሉም እየተከተለኝ ይጠይቀኝ ስለነበር ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

በዚያው ሰሞን አንድ የክፍላችን ልጅ ቤቱ ወስዶ በወንድሙ አሮጌ ኮምፒውተር የሠራውን ጌም አሳየን። ስክራች በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው የሠራው። ፍየል ሚኒባስ እየሸሸች አስፋልት ትሻገራለች። ገልብጦ ያመጣው ሳይሆን ራሱ አስቦ የሠራው ነው። እኛ ግን ጌሙን ትተን ኮምፒውተሩ ላይ ሳቅን። «ይሄማ የአያቴ ቴሌቪዥን ነው» ብሎ የጀመረው ማን መሰላችሁ? እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ምንም አሳይቶን አያውቅም። ጌሙን ቀጠልክበት ወይ ስለውም «ተውኩት» አለኝ።

የኔ አስተያየት እንግዲህ ይሄ ነው። ውድ ኮምፒውተር መመኘት ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የሰውን ችሎታ በኮምፒውተሩ ዋጋ መለካት ነው። ውድ ኮምፒውተር ያለው ሁሉ ጌም መሥራት አይችልም። የክፍላችን ልጅ ግን በአሮጌው ሠርቷል። ወንድሜ፣ ስምህን ባልጠራም አንተ ታውቃለህ፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ፍየሏን ጨርሳት።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። አይሲቲ ክፍል ጥግ ላይ አቧራ ለብሰው የተቀመጡ የተበላሹ ኮምፒውተሮች አሉ። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ከቲቸር ጋር ሆነን ሶኬቱን ነቅለን ብንከፍታቸውስ? ፓወር ሰፕላዩን ግን አንከፍትም፤ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ስለሚችል አደገኛ ነው። ራሙ የቱ እንደሆነ፣ ፕሮሰሰሩ የት እንደሚቀመጥ በዓይናችን ብናይ፣ ቧንቧው ጋ የምንከራከረው በወሬ ሳይሆን በዕውቀት ይሆናል። መጥረጉን እኔ እችላለሁ፤ ልምድ አለኝ።