ከመረብ በስተኋላ ሆኖ የልጆችን ጨዋታ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ስለ ማንሣት

ከሐላባ ቁሊቶ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከሾኔ ከተማ አንዲት ወይዘሮ ለዚህ ዓምድ አንድ ጥያቄ አቅርበውልናል። ከሀዲያና ከከምባታ አገር ብዙ ሰዎች ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪቃ መሄዳቸው የታወቀ ነው፤ የእኚህም ወይዘሮ ባለቤት ወደዚያው ከሄዱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ሕፃን የነበረው ልጃቸው ዛሬ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶት ለሰፈሩ ታዳጊዎች ቡድን በረኛ ሆኗል። አባት ልጃቸው ሲጫወት ለማየት ስለ ለመኑ፣ እናት በእጅ ስልካቸው ጨዋታውን ሊያነሡ ሞከሩ። የመጀመሪያው ሥዕል መረቡን ብቻ አጥርቶ ልጆቹን እንደ ጭጋግ አደበዘዛቸው። በሁለተኛው ጊዜ ስልኩን በመረቡ ላይ አስረውት ነበርና የመጀመሪያዋ ግብ ስትገባ ከመሬት ወደቀ። ግቧ በማን ላይ እንደ ገባች ወይዘሮዋ አልደበቁንም።

ይህ ችግር በሾኔ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በ1880 ዓ.ም. በአሜሪካ በሺካጎ ከተማ በተጀመረው ሶፍትቦል በሚባለው የዱላና የኳስ ጨዋታ፣ ከሚመታው ልጅ በስተኋላ ተመልካቹን ከኳስ የሚጠብቅ መረብ ይቆማል፤ የዚያ አገር ወላጆችም ካሜራቸውን በዚያው ላይ እየሰቀሉ ጨዋታውን ያነሣሉ። የእነርሱ መረብ ግን ተወጥሮ የቆመ ነው። የእግር ኳስ መረብ ኳሱን ሊቀበል የተሠራ ስለ ሆነ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ብልሃታቸውን እንዳለ መቅዳት አይጠቅመንም።

ሥዕሉ የደበዘዘው ካሜራው በቅርብ ያገኘውን ገመድ አጥርቶ ለማየት ስለ ፈለገ ነው። የተለመደው የግብ መረብ ቀዳዳ ስፋት እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ የስልክ ካሜራ ዓይን ግን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ዓይኑ ከመረቡ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ከአንድ ቀዳዳ መካከል ትክክል ቢውል ገመዱ ከሥዕሉ ውስጥ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በስልኩ መስተዋት ላይ በሜዳው መካከል ያሉትን ልጆች በጣት ተጭኖ ጥቂት መቆየት ነው፤ ያን ጊዜ ካሜራው ዕይታውን በዚያ ርቀት ላይ ያጸናል።

መረቡ አብዝቶ የሚለጠጠው ከመካከሉ ነው፤ ቋሚውና አግዳሚው በሚገናኙበት ማእዘን አጠገብ ግን እምብዛም አይነቃነቅም። ካሜራው ከዚያ ማእዘን በስተኋላ ሆኖ በጥቂቱ ወደ ሜዳው መካከል ያዘንብል። ማሰሪያው ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቈረጠ ላስቲክ ቢሆን ይበቃል። የሚታሰረውም ለብቻው በጥልቅ በተተከለ የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ እንጂ በግቡ ቋሚ ላይ አይደለም፤ ኳስ ቋሚውን በመታ ቍጥር ሥዕሉ ይንቀጠቀጣልና። ከመሬት ጋር ያልተያያዘ ግብ ወድቆ ሕፃናትን የገደለበት ጊዜ በልዩ ልዩ አገር ስለ ነበረ፣ ካሜራ አስተካክላለሁ ብሎ በግቡ ላይ የሚንጠላጠል ልጅ እንዳይኖር አጥብቀን እናሳስባለን።

ከሰዓት በኋላ በሚደረግ ጨዋታ ካሜራው በምዕራብ ባለው ግብ በኩል ቢሆን ፀሐይ ከበስተኋላው ትሆናለች። ይሁን እንጂ ከዕረፍት በኋላ ቡድኖቹ ግብ ይለዋወጣሉ፤ ወይዘሮዋም ካሜራቸውን ነቅለው ልጃቸውን ይከተሉት እንደ ሆነ ጠይቀውናል። እኛ አይከተሉት እንላለን። ስለ ፀሐይዋ ብቻ አይደለም። አባት የልጃቸውን ፊት በየሳምንቱ በስልክ ያዩታል፤ ያላዩት ልጁ ጓደኞቹን በምን ድምፅ እንደሚጠራ፣ ግብ ሲገባበት ማን መጥቶ ትከሻውን እንደሚይዘው ነው። ይህ የሚገኘው ሜዳው በሞላ ሲታይ ነው። ልጁ ከሩቅ እንደ ባቄላ ፍሬ ቢያንስም፣ የበረኛ ልብስ ከሌሎች ተጫዋቾች የተለየ ቀለም እንዲኖረው የጨዋታው ደንብ ስለሚያዝዝ አባት አያጡትም።

ስለ መላኩም ጥቂት እንጨምር። ሥዕሉ እጅግ የጠራ እንዲሆን ቢደረግ ብዙ ቦታ ሊፈጅ ይችላል፤ በመካከለኛው ጥራት ግን በየደቂቃው 60 ሜጋ ባይት ያህል ነው። ስለዚህ የ25 ደቂቃው አጋማሽ 1.5 ጊጋ ባይት ይሆናል፤ በቴሌግራም ያለ ክፍያ የሚላክ አንድ ፋይል ከ2 ጊጋ ባይት እንዳይበልጥ ስለ ተወሰነ፣ ጨዋታውን በሁለት ከፍሎ መላክ ነው። በሥዕሉ ውስጥ የሌሎች ሰዎችም ልጆች ስላሉበት አስቀድሞ አሠልጣኙንና ወላጆችን ማስፈቀድ፣ ለአባትየው ብቻ መላክ፣ በአደባባይም አለመለጠፍ ይገባል።

ወይዘሮዋ ይህን ሁሉ ፈጽመው ባለፈው ቅዳሜ ጨዋታውን አነሡ። የመጀመሪያው አጋማሽ መልካም ወጣ። ሁለተኛው ግን በስምንተኛው ደቂቃ ተቋረጠ፤ ጥሪ ሲመጣ በብዙ ስልኮች ላይ ቀረጻው ይቆማልና፣ ስልኩን አስቀድሞ የአውሮፕላን ምልክት ባለበት ትእዛዝ ከጥሪ መለየት ያስፈልግ ነበር። ይህን ሳንነግራቸው መቅረታችን የእኛ ስሕተት ነው። ደዋዩ፣ ጨዋታው እንዴት እንደ ሆነ ለመስማት አላስችል ያላቸው አባትየው ነበሩ።