የትኛው ጉግሳ? የአባት ስም ይጠራ!

«ጉግሳ ባንዳ ነበር»፣ «ጉግሳ አገር ሸጠ» የሚል ኮሜንት ሳታዩ አልቀራችሁም። አንዳንዱ ደግሞ ከሥሩ የራስ ጉግሳ ወሌን ፎቶ ይለጥፋል። ወገን፣ ይሄ ነገር ይስተካከል። ስም ተመሳሰለ ተብሎ የአንዱ ዕዳ ለሌላው አይጻፍም።

በታሪካችን ቢያንስ ሦስት ራስ ጉግሳዎች አሉ፦

1. የየጁው ራስ ጉግሳ። በዘመነ መሳፍንት፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ፣ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ያደረጉት ናቸው።

2. ራስ ጉግሳ አርአያ ሥላሴ። የአፄ ዮሐንስ 4ኛ የልጅ ልጅ፣ የምሥራቅ ትግራይ ገዥ። ከጣሊያን ወረራ በፊት ሞተዋል። በ1928 ዓ.ም. ወደ ጣሊያን የገባው ልጃቸው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ነው። ልብ በሉ፣ ከዳ የተባለው ልጁ እንጂ አባቱ አይደሉም።

3. ራስ ጉግሳ ወሌ። የራስ ወሌ ብጡል ልጅ፣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የበጌምድር ገዥ።

መምታታቱ ከየት መጣ? አንዱ ምክንያት ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው። በልጅነታቸው የተዳሩት ለራስ አርአያ ሥላሴ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ ጉግሳ አርአያ የባላቸው ልጅ ሲሆኑ፣ ጉግሳ ወሌ ግን ራሳቸው ባላቸው ነበሩ! አንዱን «የዘውዲቱ ጉግሳ» ብሎ የጀመረ ሰው ሌላው ላይ ቢያርፍ አይገርምም።

ጉግሳ ወሌን «ንጉሥ» የሚልም አለ። አልነበሩም። ሚስታቸው በ1909 ዓ.ም. ሲነግሡ እሳቸው ከቤተ መንግሥት እንዲርቁ ተደርጎ በጌምድር ላይ ቀሩ። ንጉሥ የተባሉት በ1921 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን ናቸው። ጉግሳ ወሌ እስከ ዕለተ ሞታቸው ራስ ነበሩ።

ያች ዕለት ደግሞ ለኛ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ልጆች ሩቅ አገር አይደለችም። ከነፋስ መውጫ ወደ ጋሸና ስትሄዱ ደብረ ዘቢጥን ታልፋላችሁ አይደል? አንቺም በዚያው አካባቢ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ የመሩት የማዕከላዊ መንግሥት ጦር እዚያ ገጠማቸው። አውሮፕላን መጀመሪያ የሚያወግዛቸውን ወረቀት በተነ፣ ቀጥሎ ቦንብ ጣለ። ራስ ጉግሳ ወሌ እዚያው ወደቁ። በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ንግሥት ዘውዲቱ አረፉ።

ይሄ ሁሉ የሆነው ጣሊያን ከመውረሩ 5 ዓመት በፊት ነው። በ1922 ዓ.ም. የሞተ ሰው በ1928 ዓ.ም. እንዴት ባንዳ ይሆናል? መልሱን ለናንተ ትቻለሁ።

ጉግሳ ወሌን ጻድቅ አድርጉልን አላልኩም። መንግሥት ላይ ሸፍተዋል፣ በዚያ ይከራከሩባቸው። ልክ ነበሩ የሚልም፣ ተሳስተዋል የሚልም ይምጣ። ግን በራሳቸው ሥራ ይሁን።

ዲግሪያችን ላይ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ስንት ቢሮ እንደምንመላለስ፣ ስንት ማስታወቂያ እንደሚያልፈን የምናውቅ ትውልድ ነን። ለራሳችን ስም እንዲህ የምንጨነቅ ሰዎች የአያቶቻችንን ስም እንደ ቀልድ አናምታታ። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፤ ሰውን ከሰው የሚለየው የአባቱ ስም ነው። ስለዚህ ከመለጠፋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የማን ልጅ? የት ገዛ? መቼ ሞተ?

እነዚህን ሳይመልስ «ጉግሳ» ብሎ የሚሳደብ ካገኛችሁ ስድብ አትመልሱለት። «የትኛው ጉግሳ?» በሉት።