ቦረና የቱ ነው?

ስልካችሁ ላይ ፎርም ስትሞሉ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ እያለ አንዱ ሌላውን የሚከፍት ምርጫ ይመጣላችኋል አይደል? ከጀርባው ብዙ ጊዜ ያለው ፕሮግራመሮች ኔስትድ አሬይ የሚሉት ነው፤ ዝርዝር ውስጥ ዝርዝር፣ እሱም ውስጥ ሌላ ዝርዝር። መካነ ሰላም ለመድረስ አማራን፣ ደቡብ ወሎን፣ ቦረናን ከፍቶ መግባት ነው።

ችግሩ ብዙ ኮድ ጸሐፊ በተራ ቁጥር መግባቱ ነው። [2][9][4] ብሎ ይጽፋል። (ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር 2 ማለት ሦስተኛው ነው፤ ይሄ ራሱ ስንቱን ጀማሪ አስለቅሷል።) እኛ አገር ግን ወረዳ ባለበት አይቆምም። መሀል ሳይንት ከሳይንት ተከፍሎ የወጣ ወረዳ ነው። እንዲህ ያለ አዲስ ስም ዝርዝሩ መሀል ሲገባ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ቁጥር ይንሸራተታል። ኮዱም ምንም ስህተት ሳያሳይ የጎረቤት ወረዳ ያመጣላችኋል። በስም ወይም በማይቀየር መለያ መፈለግ ይሻላል።

ከዚህ የባሰው ማቅለሉ ላይ ነው። ጃቫስክሪፕት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍላት የሚባል ትእዛዝ አለው። ዝም ብላችሁ ከጠራችሁት አንድ ደረጃ ብቻ ይዘረጋል፤ ኢንፊኒቲ ካላችሁት ግን እስከ ታች ድረስ ሁሉንም አንድ ረድፍ ያደርገዋል። ደስ ይላል፣ ግን ማን የማን ልጅ እንደነበር ይጠፋል። ረድፉ ላይ ሁለት ቦረና ይገኛል፦ አንዱ መካነ ሰላም ያለችበት የደቡብ ወሎ ወረዳ፣ ሌላው ከኬንያ የሚዋሰነው፣ ያቤሎ ያለችበት የኦሮሚያ ዞን። «ድግግሞሹን አጥፋ» የሚል አንድ መስመር ሲጨመር ደግሞ አንዱ ቦረና ጭራሽ ይሰረዛል።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል እዚህ ላይ የምከርረው። ከየወረዳው ስንት ሥራ ፈላጊ፣ ስንት ተበዳሪ አለ ተብሎ ሲቆጠር የመካነ ሰላሙ ልጅ ያቤሎ ከተደመረ ማን ያየዋል? ሪፖርቱ ላይ ድምሩ ልክ ነው።

መፍትሔው እኛው ቤት አለ። ፎርም ላይ «ሙሉ ስም ከነአያት» የምንባለው ለምንድነው? አንድ አበበ ከሌላው አበበ እንዲለይ ነው። ዝርዝሩንም ስትዘረጉት እያንዳንዱ መስመር አባቱንና አያቱን ይያዝ፦ መካነ ሰላም፣ ቦረና፣ ደቡብ ወሎ፣ አማራ። ፋይሉ ይከብዳል፣ የሰው ዳታ ይበላል የሚል አይጠፋም። ትንሽ ይከብዳል፤ ግን ድረ ገጾች ፋይል ሲልኩ ስለሚጨምቁት የተደጋገመ ቃል ብዙ አያስወጣም።

የሠራችሁት ፎርም ካለ ዛሬውኑ መፈለጊያው ላይ «ቦረና» ብላችሁ ጻፉበትና ስንት እንደሚያመጣ እዩ።