ተስፋም የባጃጅ ሒሳብ ይፈልጋል!

«ወጣቱ ተስፋ መቁረጥ የለበትም!» ይሉናል። በስብሰባው ይሉናል፣ በቴሌቪዥኑ ይሉናል፣ በምረቃው ቀን ጋውን ደርበው ይሉናል። ባዮቹ እነማን ናቸው ብለን ስናይ ግን ወር ሲሞላ ደመወዛቸው የማይቀር፣ የመኪናቸው ነዳጅ ከመንግሥት ካዝና የሚቀዳ ሰዎች ሆነው እናገኛቸዋለን። የጠገበ ሰው ለተራበው ስለ ጾም ጥቅም ሲያስተምር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው።

ይህን የምጽፈው ከቡሹሎ ነው። ሐዋሳን በአሞራ ገደል ዓሣና በፍቅር ሐይቅ ሽርሽር ብቻ የምታውቁ አንባቢያን ቡሹሎን ላታውቋት ትችላላችሁ፤ ካቶሊኮች ባቋቋሙት ጤና ጣቢያ ነው ስሟ የሚነሣው። የከተማ ዳር ናት። የከተማ ዳር ሥራ አጥ ደግሞ ከመሐል ከተማው ሥራ አጥ አንድ ተጨማሪ ዕዳ አለበት፤ መንገዱ። ማስታወቂያ ሊያነብ ወደ ከተማ ሲወጣ የባጃጅ ይከፍላል። ያነበበው ነገር የሚሆነው ከሆነ ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ ያስነሣል፣ ጉርድ ፎቶ ይጨምራል፣ «ኦሪጂናሉን ይዘህ ራስህ ቅረብ» ይባላል፤ እንደገና ባጃጅ። ከዚያ የጽሑፍ ፈተና ይመጣል፤ እንደገና ባጃጅ። ከዚያ ዝምታ!

ይህ ሁሉ ብር ከየት መጣ? ከእናት ነዋ! ጉሊት ተቀምጣ ወይም ጀበና ጥዳ ካገኘቻት ሳንቲም ላይ ነው። ልጁ ለአሥረኛ ጊዜ የእናቱን ብር ይዞ ወጥቶ ለአሥረኛ ጊዜ ባዶውን ሲመለስ በአሥራ አንደኛው ቀን ቤት ይውላል። ጎረቤት «ሰነፈ» ይላል፤ ሹሙ «የአመለካከት ችግር አለበት» ይላል። ልጁ ግን የፈራው የእናቱን መቀነት መፍታት ነው።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ ተሞክሮ ታይቷል። ግሩም አበበ የተባለ ኢትዮጵያዊ የኢኮኖሚ ተመራማሪ ከውጭ አገር ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን በቡድን ከፈለ። ለአንደኛው ቡድን ወደ መሐል ከተማ መመላለሻ የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡት። ሌላውን ሲቪ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ቀጣሪ ፊት እንዴት እንደሚቀረብ አስተማሩትና ችሎታውን ፈትነው የሚያሳየው ወረቀት ሰጡት። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ጥናቱ በፈረንጅ 2021 ታትሞ ወጥቷል። የትራንስፖርት ሒሳብ ያገኙት ፍለጋቸውን አጠነከሩ። ችሎታቸው ተፈትኖ ወረቀት የያዙት ደግሞ ከ4 ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ምንም ካልተሰጣቸው የተሻለ ገቢ ነበራቸው። እንግዲህ ልብ በሉ! ማንም ስለ ተስፋ አልሰበከላቸውም። የአውቶቡስ ሒሳብና ማንነቱን የሚናገርለት አንዲት ወረቀት ያገኘ ልጅ ራሱ ተነሥቶ ሄደ።

ኀፍረቱ ደግሞ ሌላ ነው። አባቶቻችን በሚያውቁት ዘመን የተማረ ሰው ሥራ አይፈልግም ነበር፤ ይመደብ ነበር። በደርግ ጊዜ ከኮሌጅ የወጣ ሁሉ ስሙ ወጥቶ «ጎሬ ደርሶሃል፣ ነገሌ ደርሶሃል» ይባላል፤ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ያ ነገር ከመንግሥቱ ጋር አብሮ ቀረ። ያኔ በጣት የሚቆጠሩት ዩኒቨርሲቲዎች ግን ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። አባትየው ይህን ከየት ያውቃል? «ልጄ ተመርቋል» ብሎ በሬ ሸጦ ደግሷል። ስለዚህ በየፍቼ ጫምባላላውና በየመስቀሉ «ታዲያ የት ተመደብክ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁም ጥያቄዋን ፈርቶ ዘመድ ቤት መሄድ ይተዋል፤ ለቅሶ መድረስ ይተዋል፤ ጓደኞቹን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። እዚህ ላይ ነው አደጋው። በዚህ አገር ሥራ የሚገኘው «እንትን መሥሪያ ቤት ሰው ይፈልጋሉ አሉ» ከሚል ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ የሚገኘው ለቅሶ ቤትና ቡና ላይ ነው። ከሰው የሸሸ ሰው ከሥራውም ነው የሸሸው።

ወደ ሹሞቹ እንመለስ። በ2009 የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተባለ፤ ተጨበጨበ። በ2011 የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ለ2012 ብቻ 3 ሚሊዮን ሥራ፣ እስከ ፈረንጆቹ 2025 ደግሞ 14 ሚሊዮን ሥራ እንደሚፈጠር ነገረን። እኛም ቆጠርን። ከዚያስ? በ2014 መጀመሪያ ኮሚሽኑ ፈርሶ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተጠቃለለ። 14 ሚሊዮን ሥራ ሊፈጥር የተነሣው መሥሪያ ቤት ቀጠሮው ሳይደርስ ራሱ ከሥራ ወጣ ማለት ነው! (ሠራተኞቹ ግን እንደኛ ባጃጅ ይዘው ማስታወቂያ ሲያነቡ አላየናቸውም።)

እኛ ሐዋሳዎች ከሁሉም በላይ የተነገረን ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው። በሐምሌ 2008 ተመረቀ፤ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፤ ቻይናዎች ሠሩት፤ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተባለ። ብዙ ቀጠረ፤ አልክድም። በደጉ ጊዜ ከ30 ሺህ በላይ ሰው፣ አብዛኛውም ከገጠር የመጡ ሴቶች ልጆች ገብተውበት ነበር። በ2011 የወጣ አንድ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ግን የልጆቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደሆነና በዓለም ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ከዚህ የሚያንስ እንደሌለ ተናገረ። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኛቸውን በሙሉ በሌላ ይተኩ እንደነበርም ጻፈ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም ዓመት ዓመትን ሲተካ ለግል ሠራተኛው ወለል አልተበጀለትም። ታዲያ አራት ሆና አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ ከደመወዟ ምን ይተርፋታል? ሥራ ነበራት፤ ኑሮ ግን አልነበራትም።

ከዚያ ኮሮና መጣ፤ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በኅዳር 2014 የፓርኩ ዋና ደንበኛ የነበረው የአሜሪካው ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ፖለቲካውን የሠራው ሌላ፣ ዕዳውን የከፈለችው ስፌት መኪና ላይ የነበረችው ልጅ! ወደ ገጠር የተመለሰችም አለች፤ ወደ ዐረብ አገር የሄደችም አለች።

ፋብሪካ ሲዘጋ ሰው ምን እንደሚሆን ቀድሞ የታየበት ቦታ አለ። በኦስትሪያ ማሪየንታል የምትባል መንደር ነበረች። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1930 ገደማ የመንደሩ እንጀራ የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተዘጋ። ማሪ ያሆዳ የምትባል ወጣት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር መንደሩ ገብታ አጠናች፤ መጽሐፉም በ1933 ወጣ። አጥኚዎቹ ሥራ ያጣው ሕዝብ ጊዜ ተረፈውና ብዙ ያነባል፣ ፖለቲካው ይጦፋል ብለው ነበር የገመቱት። ያገኙት ተቃራኒውን ነው። ቤተ መጻሕፍቱ የማዋሻ ክፍያውን አንሥቶ ሳለ የሚዋሰው መጽሐፍ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ወረደ። ወንዶቹ በዋናው መንገድ ሲሄዱ ደጋግመው ይቆማሉ፣ ርምጃቸው ከሴቶቹ ይዘገያል። «ትናንት ከረፋድ እስከ ምሳ ምን ሠራህ?» ሲባሉ ማስታወስ ያቅታቸዋል። ሴቶቹ ማጀት ስለሚጠብቃቸው ቀናቸው ቅርጽ ነበረው፤ የወንዶቹ ቀን ግን እንደ ውኃ ይፈስስ ነበር።

ይህን ሳነብ የኛ ሰፈር ድንጋይ ላይ የሚውሉት ልጆች ናቸው ፊቴ የመጡት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚነሣው ልጅ ቀስ በቀስ 4 ሰዓት፣ ከዚያም 6 ሰዓት ላይ ይነሣል። ሌሊቱን በስልክ ያነጋል። ከሰዓት በኋላ ጫት አለ፤ ማታ ደግሞ የእንግሊዝ ኳስ ውርርድ አለ። ውርርዱን እኮ ብዙው ለመዝናናት አይቆርጠውም፤ ብቸኛው «መልስ የሚሰጥ ማመልከቻ» ስለሆነበት ነው! ቢያንስ ዘጠና ደቂቃ ሲሞላ መብላት አለመብላቱ ይነገረዋል።

ስለዚህ ለሥራ ፈላጊው ወንድሜና እኅቴ ስብከት የለኝም፤ ሰፈር ውስጥ ሲሠራ ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። አንደኛ ነገር ጠዋት ነው። ሥራ ኖረም አልኖረም በሰዓቱ ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ጫማውን ጠርጎ ከቤት የሚወጣው ልጅ ከስድስት ወር በኋላም ሰው እንደሆነ ይቆያል። ሌላው ደግሞ በጋራ መፈለግ ነው። አምስት ሆነው የባጃጅ ያዋጡና በተራ አንዱ ይሄዳል፤ ሰሌዳውን ሁሉ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለቀሩት ይልካል። አምስቱም በየፊናቸው ቢሄዱ የሚወጣው ብር ለፎቶ ኮፒ ተረፈ ማለት ነው። የቀን ሥራን በተመለከተ «ዲግሪ ይዤ ሲሚንቶ ላቡካ?» የሚል አለ። ያቡካ! የሚያስነውረው ነገር አይታየኝም። ግንበኛው ዘንድ ለሦስት ቀን የዋለ ልጅ የሚቀጥለውን ሳምንት የሚመላለሰው በራሱ ብር ነው። እናቱ ፊትም ቀና ይላል።

ቴሌግራም ላይ «ቅድሚያ ይህን ያህል ብር አስገባ፣ ቅጥርህ አልቋል» የሚል ካያችሁ ሌባ ነው፤ በቃ። ከእርሱ የከፋው ግን የመንገዱ ደላላ ነው። ወደ ሞያሌ የሚወስደው አስፋልት ሐዋሳን አቋርጦ ነው የሚያልፈው፤ ሞያሌ ላይ ግን አያበቃም። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ ውስጥ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ታሽገው የተገኙ 64 ሰዎች ሬሳ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። በጥቅምት 2015 ማላዊ ላይ የጅምላ መቃብር ተገኘ። በታኅሣሥ 2015 ዛምቢያ፣ ሉሳካ ዳርቻ 27 ሬሳ መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ፤ እነርሱም የኛው ልጆች እንደሆኑ ተነገረ። እነዚህን «ተስፋ የቆረጡ» የሚላቸው ሰው ይገርመኛል። ለደቡብ አፍሪካ ጉዞ ቤተሰቡን ዕዳ አስገብቶ የተነሣ ሰው ተስፋው አልሞተም ነበር፤ ተስፋውን የሚያኖርበት ቦታ ነው አገሩ ውስጥ ያጣው።

ቦታውን ያሳጣው ምንድን ነው ቢባል፣ አንዱ ድህነት ነው፤ ለእርሱ ማንም በአንድ ጀንበር መፍትሔ አያመጣም። ሌላው ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። ማስታወቂያው የወጣው ሰውየው ከተቀጠረ በኋላ ነው የሚለውን ሐሜት ያልሰማ ሥራ ፈላጊ አለ? «የማን ዘመድ ነህ? የየት አካባቢ ልጅ ነህ? መታወቂያህ የየት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ያልተጠየቀስ? ልጁ ተወዳድሮ ቢሸነፍ ይቻለዋል። በ2015 የመውጫ ፈተና ሲጀመር ያለፈው 40 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ ብዙዎች ወደቁ፣ አልቅሰው እንደገና አጠኑ። ውጤታቸውን አይተውታላ! ሰውን የሚገድለው መውደቁ ሳይሆን መፈተኑን እንኳ የሚያምንበት ነገር ማጣቱ ነው።

እንግዲህ «ተስፋ አትቁረጡ» ለምትሉን ክቡራን ሆይ፣ 14 ሚሊዮኑን ለጊዜው ይቅር ብለናል። የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ማስታወቂያችሁን መሐል ከተማ ሰሌዳ ላይ ብቻ አትለጥፉ፤ ኮፒው በየቀበሌው፣ ቡሹሎም ይምጣ። የትምህርት ማስረጃ አንድ ጊዜ ተረጋግጦ የሁሉም መሥሪያ ቤት በር ላይ ይሥራ፤ ለየበሩ አዲስ ፎቶ ኮፒ አታስነሡን። የፈተናው ውጤት ካለፈውም ከወደቀውም ስም ጋር ከነነጥቡ ይለጠፍ። ቦታው ሰው ካገኘም ያንኑ ወረቀት በእስክርቢቶ «ተሞልቷል» ብላችሁ ፈርሙበት። ሦስት ወር ሙሉ ዝናብ ሲበላው የቆየ ማስታወቂያ ሥር ቆሞ ስልክ ቁጥር የሚገለብጥ ልጅ አይቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ጠፍተው ነበር። ልጁ ግን ግምቱን ጨምሮ ይደውል ነበር።