በጅማ አገር የተማረ ሰው በግማሽ ሥራ ስለ መቅረቱ

ማረሻ የሚዝገው ብረቱ ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን ሳይታረስበት ስለሚቀመጥ ነው። በጅማ አገር የእርሻን ትምህርት ፈጽሞ ከዓመቱ ጥቂቱን ወራት ብቻ የሚሠራ፥ ወይም ደመወዝ እየተቀበለ ዕውቀቱ ሥራ የፈታበት ወጣት ምሳሌው ይኸው ነው። አንዳንድ ሰው «ትምህርት አኰራው፥ ጭቃ ጠላ» ብሎ ይፈርድበታል። ነገሩን ለሚመረምር ግን ምክንያቱ ከወጣቱ ጠባይ ይልቅ ከሥራው አያያዝ ይገኛል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ሲከፈት የተማረ ሰው ጥቂት ስለ ነበረ፥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቦታ አያጣም ነበር። ትምህርት ቤቱ በዚያው አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋራ ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ በአገሪቱ ከ40 የሚበልጡ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ተመራቂው እንዲህ ሲበዛ በገጠር ዋናው ቀጣሪ ያው መንግሥት ነው፤ እርሱም የሚቀጥረው በበጀቱ ልክ ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የተቀጠረውን ከሙያው ማውጣት ነው። ከ2000 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ) ወዲህ በ25 ኮሌጆች ከ60,000 የሚበልጡ የልማት ሠራተኞች ሠልጥነው፥ በየቀበሌው ሦስት ሦስት ሆነው ለሰብል፥ ለከብትና ለተፈጥሮ ሀብት እንዲመደቡ ታቀደ። አሳቡ መልካም ነበረ። ነገር ግን ብዙዎቹ የማዳበሪያ ዕዳ ሰብሳቢዎችና መዋጮ አስከፋዮች ሆኑ። ገበሬም ትናንት ዕዳ የጠየቀው ሰው ዛሬ ስለ ቡና ቢመክረው በሙሉ ልብ አይሰማውም።

ሦስተኛው ምክንያት ወቅትና መሬት ነው። ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ጥር ገደማ ስለ ሆነ፥ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሠራተኛውን ከዚያ በኋላ ያሰናብታል። መሬትም በሕገ መንግሥቱ የማይሸጥ የማይለወጥ ስለ ሆነ፥ ከወላጁ ያልደረሰው ወጣት በኪራይ ካልሆነ በቀር የሚያለማው አያገኝም።

ይሁን እንጂ ሥራው የለም ማለት አይደለም፤ ተበታትኖ ነው። ያረጀ የቡና ዛፍ ከለቀማ በኋላ፥ ዝናም ሳይገባ፥ መጐንደል ያሻዋል። ችግኝ በበጋ ተኰትኵቶ በክረምት መግቢያ ይተከላል። ከዚያም ለቀማው፥ እጥበቱና በአልጋ ላይ ማድረቁ ይከተላል። ይህ ሁሉ ለአንድ የተማሩ ወጣቶች ማኅበር በተከታታይ ቢሰጥ፥ የሦስት ወር ሥራ የዓመት ሥራ ይሆናል። ገበሬው ጉንደላን የሚፈራው ዛፉ እስከ ሁለት ዓመት ያህል ፍሬ ስለማይሰጠው ነው፤ ማሳውን በየዓመቱ ከፍሎ የሚጐነድልለት ዐዋቂ ቢያገኝ ግን ጉዳቱ ይቀልለታል።

ስለዚህ የዞንና የወረዳ ሹማምንት ሁለት ነገር ቢያደርጉ ይበጃል። አንደኛ፥ የልማት ሠራተኛውን ከዕዳ መሰብሰብ ነጻ ያውጡት። ሁለተኛ፥ የመሬት ባለይዞታውና የወጣቶቹ ማኅበር የሚዋዋሉትን ውል ጽፈው መዝግበው ያጽኑላቸው። ይህ አዲስ በጀት የሚጠይቅ አይደለም፤ የሹሙን ፈቃድና ትጋት ብቻ ይጠይቃል። አለዚያ ግን ወላጅ በሬውን ሸጦ ያስተማረው ልጅ ከተማ ለከተማ ሲዞር፥ የአባቱ ቡና በጓሮው እያረጀ ይቀራል።