በነጠብጣብ ላይ እርሳስ ማስኬድ ፊደል ማስተማር አይደለም

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሀ ሁ ነው። «በዚህ ሁሉ ጉዳይ መሐል ሀ ሁ ምን አመጣው?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ከዚህ የባሰ ጉዳይ ግን ብዙ የለንም። የዓለም ባንክ እንደሚለው ኢትዮጵያ ውስጥ ዐሥር ዓመት ከሞላቸው ልጆች 90 በመቶ ያህሉ አንድ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። በ2002 ዓ.ም በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው የንባብ ምዘና ደግሞ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ከቀረበለት ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻለ አሳይቷል።

ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ አንዲት ቃል ማንበብ ካቃተው ችግሩ የጀመረው እዚያ ክፍል አይደለም። የጀመረው ፊደል ሲቆጥር ነው። ክርክሬን በአጭሩ ላስቀምጠው፦ ለሕፃናት ፊደል የምናስተምርበት መንገድ ጉሮሯቸውን እያሠራ እጃቸውንና ዓይናቸውን ሥራ ፈት ያደርጋል። ሥዕልን ከፊደል ነጥለን ጊዜ ሲተርፍ የሚሠራ መዝናኛ አድርገነዋል። ይህ የትም ቢሆን ስሕተት ነው፤ ደብረ ወርቅን በመሰለ ቦታ ሲሆን ደግሞ ነውር ነው።

በብዙ መዋዕለ ሕፃናትና ዜሮ ክፍሎች የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መምህሯ በዱላ ጫፍ ሰሌዳውን እየነካች «ሀ» ትላለች፤ ክፍል ሙሉ ልጅ «ሀ!» ብሎ ይጮኻል። ቀጥሎ ፊደሉ በነጠብጣብ የተሠራበት ፎቶኮፒ ይታደላል፤ ልጁ በነጠብጣቡ ላይ እርሳሱን ያስኬዳል። ገጹ ሲሞላ በቀይ እስክሪብቶ «ራይት» ይደረግለታል። ወላጅ ማታ ደብተሩን ገልጦ የሞላ ገጽ ሲያይ ደስ ይለዋል፤ የከፈለው ገንዘብ ሥራ ላይ እንደዋለ ማስረጃ አገኘ። «ሥዕል» የተባለው ነገር ዓርብ ከሰዓት ይመጣል። እሱም ሌላ ሰው የሳለውን ፖም ቀይ መቀባት ነው።

ውጤቱስ? ልጁ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለ ማቋረጥ ይወርደዋል። ከመሐል «ሙ»ን ነጥላችሁ ስታሳዩት ግን ዝም ይላል፤ ወይም ከ«ሀ» ተነሥቶ እየዘመረ ነው የሚደርስበት። ዜማውን ያውቀዋል፤ ፊደሉን አያውቀውም።

አሁን ፊደላችንን ራሱን እንየው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። የስፔን ልጅ የሚማረው 27 ፊደል ነው። ቁጥሩ ብቻውን ሲታይ የእኛ ልጅ የተፈረደበት ይመስላል። ግን 231ዱ ለየብቻ የተፈጠሩ ቅርጾች አይደሉም። «በ» ወገቡ ላይ በስተቀኝ ትንሽ ክንድ ሲያወጣ «ቡ» ይሆናል። ክንዱ ወርዶ እግሩ ሥር ሲሆን «ቢ» ይሆናል። የግራ እግሩ ሲያጥር «ባ»፣ ቀኝ እግሩ ላይ ቀለበት ሲገባ «ቤ»፣ ቀኝ እግሩ ሲያጥር «ቦ»። «ለ»ም «ሰ»ም «ከ»ም ካዕባቸውንና ሣልሳቸውን የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ሳድሱና አንዳንድ አፈንጋጮች ያስቸግራሉ፤ ቢሆንም ሥርዓቱ ለዓይን ግልጽ ነው። «ሰ» ቆብ ሲደፋ «ሸ»፣ «ነ» ቆብ ሲደፋ «ኘ»፣ «ዘ» ቆብ ሲደፋ «ዠ»።

ይህ ሥርዓት በጆሮ አይሰማም፤ የሚታይ ነው። በአክሱም ዘመን፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ድምፁን በቅርጹ ላይ የጨመሩት ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው፦ ድምፁ ሲለወጥ የፊደሉን እጅና እግር ለወጡ። ሕፃን ልጅ ይህን የሚይዘው ከጭቃ «በ»ን ድቡልቡል አድርጎ ሠርቶ፣ እግሩን ቆርጦ፣ ክንድ ለጥፎ፣ ቀለበት አጥልቆ ሲያየው ነው። ስድስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ 231 ጊዜ ከማስጮኽ፣ አንዱን ፊደል ሰባት ጊዜ በእጁ እንዲለውጠው መፍቀድ ይሻላል። የለውጡ ምስጢር አንዴ ከገባው ሌሎቹን ራሱ ያወጣቸዋል።

«ይህ የፈረንጅ ዘዴ ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። የፊደሎቻችንን ጥንታዊ የግእዝ ስሞች ተመልከቱ። «በ» ስሙ ቤት ነው። «ዐ» ስሙ ዐይን ነው። «መ» ማይ ነው፤ በግእዝ ውኃ ማለት ነው። «ረ» ርእስ ነው፤ ራስ ማለት ነው። ፊደል ከጥንት መነሻው ሥዕል ነበረ። የሥነ ጽሕፈት ታሪክ አጥኚዎች እንደሚሉት የፊንቄው ዐይን በግሪክ በኩል አልፎ ዛሬ ስፔናዊውም እንግሊዛዊውም «ኦ» ብሎ የሚጽፈው ክብ ሆኗል። የእኛ «ዐ» የዚያ ክብ ዘመድ ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ «ዐ»ን ዓይን አድርገህ ሳላት፣ ሽፋሽፍት ጨምርላት፣ «በ»ን በር ያለው ቤት አድርገው ማለት አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ፊደሉን ወደ ተወለደበት መመለስ ነው።

የኔታዎችም ቢሆኑ ዜማ ብቻውን እንደማይበቃ ያውቁ ነበር። ሀ ሁ ከተቆጠረ በኋላ ለምን አቡጊዳ መጣ? «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ ተራውንም ሆሄውንም የሚያዘበራርቀው ለምንድን ነው? ልጁ በቃሉ እየወረደ እንዳያታልል ነው። ዓይኑ ፊደሉን ለይቶ እንዲያይ ነው። ልጁ በእጁ ስንደዶ ይዞ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ የሚቆጥረውም ለዚሁ ነው። እኛ ከአብነት ትምህርት ቤት ጩኸቱንና ኩርኩሙን ወርሰን አቡጊዳውንና ስንደዶውን ጣልናቸው። ከውርስ ሁሉ የከፋውን መርጦ መውሰድ ይሏል ይህ ነው።

አሁን ወደ ደብረ ወርቅ ልምጣ። ደብረ ወርቅ የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ከተማ ናት። ደብረ ወርቅ ማርያም በሥዕሎቿ የታወቀች ጥንታዊ ገዳም ናት፤ ወንጌላዊው ሉቃስ እንደሳላት በትውፊት የሚነገርላት የእመቤታችን ሥዕል ያለችው እዚያ ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው አብነት ትምህርት ቤቶች፣ ከደብረ ኤልያስና ከዲማ ጋር፣ ደብረ ወርቅ አንዷ ናት። በእንዲህ ያለው ሀገር ፊደልና ሥዕል በአንድ ብራና ላይ አብረው የኖሩ ናቸው። ቁም ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ አስምሮ፣ ብርዑን ቀርጾ፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም አዘጋጅቶ ይጽፋል፤ በገጹ ራስ ላይ ሐረግ ይጣላል። እያንዳንዱን ፊደል የሚሠራው በልክና በሚዛን ነው። ይህ የእጅ ጥበብ በተከበረበት አውራጃ የሚያድግ ሕፃን፣ የመጀመሪያ ፊደሉን በደበዘዘ ፎቶኮፒ ነጠብጣብ ላይ ሲጎትት መዋሉ ነው ነውር ያልኩት።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። መንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ቅዱሳት ሥዕላት ይሰቀሉ እያልኩ አይደለም። ትምህርት ቤቱ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ ነው። የምጠይቀው የእጁ ጥበብ እንዲገባ ነው፤ ሐረግ መጣል፣ መስመር ማስመር፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ፊደልን በልክ መሥራት። እሱ የሁሉም ልጅ ነው።

ለዚህ ዘመናዊ ማስረጃ የሚፈልግም አለ። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ካሪን ጄምስና ባልደረባዋ በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ገና ማንበብ ያልጀመሩ የአምስት ዓመት ልጆች ፊደልን በሦስት መንገድ ሠሩ፦ ባዶ ወረቀት ላይ በገዛ እጃቸው በመጻፍ፣ የተሰመረውን በመከተልና የኮምፒውተር ቁልፍ በመጫን። በኋላ ፊደሎቹን ሲያዩ አእምሯቸው ተቀረጸ። ለንባብ የሚያገለግለው የአእምሮ ክፍል የነቃው በገዛ እጃቸው ለጻፉት ፊደል ነው፤ የተሰመረውን ለተከተሉትና ቁልፍ ለተጫኑት እንደዚያ አልሆነም። ልብ በሉ፦ ያ የተንጋደደው፣ አንዱ እግሩ ረዝሞ ሌላው ያጠረው፣ መምህሯ በቀይ የምትሰርዘው ፊደል ነው ሥራ የሠራው። ቆንጆ ሆኖ የሞላው የነጠብጣብ ገጽ የሚያስደስተው ወላጅን ነው።

ሦስት መልሶች እንደሚመጡብኝ አውቃለሁ።

አንደኛው «እኛ በኩርኩም ተምረን ሰው ሆነናል» የሚለው ነው። ሆነናል። ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ሁላችሁም ሆናችኋል። ከእኛ ጋር ፊደል ጀምረው፣ ፈርተው የቀሩት፣ ወደ ከብት ጥበቃ የተመለሱት ግን ቴሌግራም ላይ መጥተው አስተያየት አይሰጡም። ማንበብ አይችሉማ! በተረፉት ብቻ ዘዴን መመስገን፣ ከወንዝ የተሻገሩትን ብቻ ቆጥሮ «ወንዙ አይወስድም» እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው «ልጄ እንግሊዝኛ ነው የሚያስፈልገው» የሚለው ነው። ይማር። ግን በብዙ የግል መዋዕለ ሕፃናት «ኤ ፎር አፕል» ባለቀለም ፖስተር፣ መዝሙርና ጨዋታ ሲኖረው፣ «ሀ ሁ» ግርግዳ ላይ የተለጠፈች የደረቀች ገበታና ጩኸት ብቻ ናት። ሕፃን ሞኝ አይደለም። የቱ ፊደል እንደሚወደድና የቱ እንደሚፈራ በሦስት ቀን ይገባዋል። በአፍ መፍቻው ማንበብ ያቃተው ልጅ በሰው ቋንቋ የሚያነበው ነገር የለም።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው፦ «ቀለም የት አለ? ወረቀት የት አለ? ትምህርት ቤቱስ የት አለ?» እውነት ነው። በክልላችን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ በቀጠለው ጦርነት ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ፈርሰዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ የነበረው ፊደል ሳይቆጥር አድጓል። ማንም ቢያሸንፍ ማንም ቢሸነፍ ያ ዕድሜ ለዚያ ልጅ አይመለስለትም።

የኔም ክርክር ጉልበት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ነጠብጣቡ ፎቶኮፒ ይፈልጋል፤ ፎቶኮፒው መብራትና ወረቀት ይፈልጋል። ሥዕል ግን የግድ ሱቅ አይፈልግም። ሰፌድ ላይ አመድ ወይም ዱቄት በትኖ በጣት መጻፍ ይቻላል። ከሰልና ጠፍጣፋ ድንጋይ የሌለበት ቤት የለም። ጭቃ አለ፤ ቀይ አፈር አለ፤ እንሶስላ ቀለም ይሰጣል። ባቄላና ሽምብራ ደርድሮ «ለ»ን መሥራት ይቻላል፤ ሲጨርሱ ይቆላል። ስፌት የምትሰፋ እናት ፊደል ባትቆጥርም እንኳ በአለላ መስመር መጠበቅ፣ ቅርጽ መድገም፣ ቀለም ማፈራረቅ ታውቃለች። ታላቅ እኅት ፊደሉን ታሳይ፣ እናት እጁን ታሠልጥን። ትምህርት ቤት ሲከፈት ይህ ልጅ እጁ የተገራ፣ ዓይኑ የነቃ ሆኖ ይገባል። ይህ ትምህርት ቤትን ይተካል አልልም፤ የተዘጋው በር ይከፈት። እስኪከፈት ግን ልጁ ባዶ እጁን አይቀመጥ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው።

የዜሮ ክፍልና የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን፦ የነጠብጣቡን ወረቀት ገልብጡት። ጀርባው ባዶ ነው፤ ልጁ እዚያ ላይ በራሱ እጅ ይሞክር። የተንጋደደውን ፊደል አትሰርዙበት፤ «ይህቺ ‹ቤ› ቀለበቷ የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ወረዳና ዞን ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች፦ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የክወናና ዕይታ ጥበባት» የሚባል የትምህርት ዓይነት አምጥቷል። ክፍለ ጊዜውን ለሌላ ትምህርት ማካካሻ አታድርጉት። ሱፐርቪዥን ስትወጡ የሞላ ደብተር አትቁጠሩ። አንድ ልጅ ጠርታችሁ ከመሐል አንዲት ፊደል አሳዩት፤ እሱ ይበቃል።

የደብረ ወርቅና የአካባቢው ሊቃውንት፣ ጸሐፍትና ሠዓልያን፦ በወር አንድ ቀን ሕፃናት መጥተው ብርዕ ሲቀረጽ፣ ቀለም ሲበጠበጥ፣ ሐረግ ሲጣል ይዩ። ጥበቡን ሙዚየም ከሚያድነው የሚበልጥ ሕፃን ያድነዋል። ዓለም የሚያውቀው ሠዓሊ ወሰኔ ኮስሮፍ የሥዕሎቹን መሠረት ያደረገው ይህንኑ ፊደል ነው። የአማርኛ ፊደል በአሜሪካ ሸራ ላይ ሥዕል ከሆነ፣ በጎጃም ሕፃን እጅ ውስጥ ፎቶኮፒ ብቻ ሆኖ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

ወላጆች፦ ልጃችሁ ማታ ሲመጣ «ስንት ገጽ ሞላህ?» አትበሉት። «ዛሬ የቱን ፊደል ሠራህ? እስቲ አሳየኝ» በሉት። ግርግዳ ላይ በከሰል ቢሠራውም አትቆጡ። ግርግዳው ይለሰናል።