ብራናው ይገለጥ፣ ግምቱም ግምት ይባል

የብሉይ ኪዳንን ጥንታዊ የዕብራይስጥ መጻሕፍት በዘመናዊ የምርምር ዘዴ ማንበብ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር በአገራችንም ደጋግሞ ይነሣል። አንዱ ወገን ምርምሩን እምነት ለማፍረስ የተሸረበ ተንኮል አድርጎ ያየዋል። ሌላው ደግሞ ከአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ የመጣውን ሁሉ እንደ መጨረሻ ቃል ተቀብሎ፣ አባቶች ያስተማሩትን በፌዝ ያልፋል። ሁለቱም የሚሳሳቱት በአንድ ነገር ነው፤ እጅግ የተለያዩ ሥራዎችን «ምርምር» በሚል አንድ ስም ጠርተው በጅምላ ይቀበላሉ ወይም በጅምላ ይጥላሉ። የዚህ መጽሔት ዝግጅት ክፍል ሥራዎቹን ለያይቶ በየራሳቸው መፍረድን መርጧል። መለኪያችንም አንድ ነው፤ ሊቁ የተናገረበትን ማስረጃ ሌላ ሰው አይቶ ሊመረምረው ይችላል?

በዚህ መለኪያ ቀድሞ የሚቀርበው ቅጂን ከቅጂ እያስተያዩ የትኛው ንባብ ቀዳሚ እንደሆነ የሚፈትሸው ዘዴ ነው። እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ምሁራን የሚመኩበት ሙሉ የዕብራይስጥ ብሉይ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1008 ገደማ የተጻፈው የሌኒንግራድ ኮዴክስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 የበደዊን እረኞች በሙት ባሕር ዳርቻ፣ ኩምራን በሚባል ስፍራ፣ ከዋሻ ውስጥ የብራና ጥቅልሎች አገኙ። እስከ 1956 ድረስ ጽሑፍ የተገኘባቸው ዋሻዎች 11 ደረሱ፤ የተሰበሰበውም ቅሪት ከ900 በላይ የእጅ ጽሑፎች ሆነ። ከእነዚህ ውስጥ 200 ያህሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች ናቸው። ዕዝራና ነህምያ እንደ አንድ መጽሐፍ ሲቈጠሩ፣ ከመጽሐፈ አስቴር በቀር ከዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን ሳይወከል የቀረ መጽሐፍ የለም።

ግኝቱ ለሁለቱም ተከራካሪዎች የሚጎረብጥ እውነት ይዞ መጣ። ሰባት ሜትር ከሠላሳ ሳንቲሜትር ገደማ የሚረዝመው የኢሳይያስ ጥቅልል ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ነው። ከሌኒንግራዱ ቅጂ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ይቀድማል፤ ሆኖም 66ቱንም ምዕራፎች ይዟል፤ ከኋለኛው ንባብ የሚለየውም በአብዛኛው በፊደል አጣጣልና በጥቃቅን ነገር ነው። ጸሐፍት መጽሐፉን እንዳሻቸው ሲለዋውጡት ኖረዋል ለሚሉ ይህ ከባድ መልስ ነው። በዓይን ጌዲ ምኩራብ ተቃጥሎ እንደ ከሰል የጠቆረው ጥቅልልም በተገኘ በአርባ አምስት ዓመቱ ገደማ ሳይፈታ በራጅና በኮምፒውተር ሲነበብ፣ የኦሪት ዘሌዋውያን መጀመሪያ ሆኖ ተገኘ፤ ተነባቢ ፊደሎቹም ከተለመደው የዕብራይስጥ ንባብ ጋር አንድ ናቸው።

ግን እዚያው ኩምራን ውስጥ ሌላም ነገር ተገኘ። በተለመደው ዕብራይስጥ የጎልያድ ቁመት ስድስት ክንድ ከስንዝር ነው፤ በአራተኛው ዋሻ የተገኘው የሳሙኤል ብራና ግን አራት ክንድ ከስንዝር ይለዋል። የሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ጥንታዊ ቅጂዎችም እንዲሁ ይላሉ። ወደ ሦስት ሜትር የሚጠጋው ሰው ሁለት ሜትር ገደማ ሆነ ማለት ነው። ትንቢተ ኤርምያስ በግሪኩ ከዕብራይስጡ በእጅጉ ያጥራል፤ ተርጓሚው ቆርጦት ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ነበረ። ኩምራን ግን አጭሩን ንባብ የሚከተል የዕብራይስጥ ቁርጥራጭ ከረጅሙ ጎን ለጎን አስቀምጦ ተገኘ። በዕብራይስጥ ፊደል ተራ በተደረደረው መዝሙር 145 ላይም ከተለመደው ንባብ የአንድ ፊደል ስንኝ ጎድሎ ነበር። ግሪኩ ስንኙን ይዞታል፤ ከግሪኩ የተተረጎመው የግእዙ መዝሙረ ዳዊትም መዝሙሩን 144 ብሎ ቆጥሮ ስንኙን ጠብቆታል። የአስራ አንደኛው ዋሻ የመዝሙር ጥቅልል ሲነበብ ያው ስንኝ በዕብራይስጥ ተጽፎ ታየ።

ስለዚህ በዚህ ዘዴ ላይ የምንሰጠው ፍርድ ግልጽ ነው። ቅጂን ከቅጂ ማስተያየት አመኔታን በሥራው አግኝቷል። የሚናገረውን ብራናው ላይ ጣቱን አኑሮ ያሳያል፤ ሲሳሳትም ሌላው በዚያው ብራና ያርመዋል። ሃይማኖተኛ ሊፈራው አይገባም፤ ኢአማኒም መፈክር ሊያደርገው አይችልም።

ኦሪት ከተለያዩ ምንጮች ተሰፍታለች የሚለውን ትምህርት ስንመዝን ግን ድምፃችን ይለወጣል። ትምህርቱን በሰፊው ካስጀመሩት አንዱ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን አስትሩክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በኦሪት ዘፍጥረት የእግዚአብሔር ስም በሁለት ዓይነት መጠራቱን አይቶ፣ ሙሴ ከእርሱ በፊት የነበሩ ጽሑፎችን ተጠቅሟል አለ። ዓላማው የሙሴን ደራሲነት ማፍረስ ሳይሆን መከላከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1805 ደ ቬቴ ኦሪት ዘዳግምን ከንጉሥ ኢዮስያስ ተሐድሶ ጋር አያያዘው። እ.ኤ.አ. በ1878 ደግሞ ዩልየስ ቬልሃውዘን ኦሪትን በአራት ምንጮች ከፍሎ፣ የክህነቱ ሕግ ከነቢያት በኋላ የተጻፈ ነው ሲል ደመደመ። ከአራት ዓመት በኋላም የግራይፍስቫልድ የነገረ መለኮት መምህርነቱን በፈቃዱ ለቀቀ፤ ሥራው ተማሪዎቹን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት እንዳያበቃቸው ሕሊናው ስለወቀሰው ነው። ከድምዳሜው የማይስማማ ሰው እንኳ ይህን ሐቀኝነት ሊያከብረው ይገባል።

እነዚህ ሊቃውንት ያነሡት ጥያቄ ከአየር የተፈጠረ አይደለም። የፍጥረት ታሪክ በሁለት አቀራረብ ይነገራል፤ ወደ ኖኅ መርከብ የገቡት እንስሳት በአንድ ስፍራ ሁለት ሁለት፣ በሌላው ከንጹሑ ሰባት ሰባት ናቸው። ይህን የአይሁድ ሊቃውንትም የእኛ መምህራንም ከጥንት ያዩትና የየራሳቸውን መልስ የሰጡበት ነው። ችግሩ ያለው ከጥያቄው ወደ መልሱ በተዘለለበት ላይ ነው። ከተባሉት አራት ምንጮች አንዱን ብቻ የያዘ ብራና በኩምራንም ሆነ በሌላ ስፍራ ተገኝቶ አያውቅም። ግማሽ ቁጥር ለአንዱ፣ ግማሹ ለሌላው እየተባለ ሲሰነጠቅ፣ «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» የሚለው ተረት ትዝ የሚለው አንባቢ አይፈረድበትም። ኡምቤርቶ ካሱቶ እ.ኤ.አ. በ1934 መላምቱን ከመሠረቱ ተቃወመ። በ1970ዎቹም ሮልፍ ሬንድቶርፍ ከራሷ ከጀርመን የአራቱን ምንጮች አከፋፈል ሞገተ። ዛሬ በዘርፉ ውስጥ ስለ ምንጮቹ ቁጥርም ስለ ዘመናቸውም ስምምነት የለም።

ከዚህም የባሰው በመላምቱ ውስጥ የተሸሸገው ሚዛን ነበር። የቬልሃውዘን ታሪክ የካህናቱን ሕግ ከሕያው እምነት የወረደ ደረቅ ሥርዓት አድርጎ ያየዋል፤ ይህም በዘመኑ የጀርመን ፕሮቴስታንቶች ለአይሁድ ከነበራቸው ንቀት የጸዳ አልነበረም። ሰሎሞን ሼክተር እ.ኤ.አ. በ1903 ትምህርቱን በፀረ አይሁድነት የከሰሰው በዚህ ነው። ክሱ መላምቱን ሐሰት አያደርገውም፤ ነገር ግን «ሳይንስ ነው» ተብሎ የቀረበ ሁሉ ከወገንተኝነት ነጻ እንዳልሆነ ያስረዳል። በመሆኑም ፍርዳችን ይህ ነው፤ የምንጭ ክፍፍል ትምህርት ይጠና፣ ጥያቄዎቹም ይከበሩ፤ በመማሪያ ክፍልም ሆነ በመድረክ ላይ ግን ስሙ መላምት ነውና መላምት ተብሎ ይነገር።

ያለ ማመንታት የምናወግዘው ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1952 አራተኛው ዋሻ ሲገኝ በሺዎች የሚቈጠሩ ቁርጥራጮች በኢየሩሳሌም ለተቋቋመ ጥቂት ሰዎች ያሉበት ቡድን ተሰጡ። በቡድኑ አንድም አይሁዳዊ ሊቅ አልነበረም። አባላቱ ድርሻቸውን ለየራሳቸው ይዘው፣ አንዳንዶቹም ለተማሪዎቻቸው እያወረሱ፣ አብዛኛውን ሳያሳትሙ ዓመታት አለፉ። ከቡድኑ ውጭ ያለ ሊቅ ፎቶግራፉን እንኳ ለማየት ፈቃድ ያጣ ነበር። መዝጊያው የተሰበረው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ በሲንሲናቲ ቤን ጽዮን ዋኮልደርና ማርቲን አቤግ ከቃላት ማውጫ ተነሥተው ጽሑፎቹን በኮምፒውተር መልሰው ሠሩ። በዚያው ወር በካሊፎርኒያ የሃንቲንግተን ቤተ መጻሕፍት የያዛቸውን ፎቶግራፎች ለተመራማሪ ሁሉ ከፈተ። በሠላሳ ምናምን ዓመት ያልተጠናቀቀው ኅትመት፣ አማኑኤል ቶቭ ዋና አዘጋጅ ሆኖ ቡድኑን ካሰፋ በኋላ በሃያ ዓመት ገደማ ተፈጸመ። ብራናን ቆልፎ ስለ ብራናው መናገር ሊቅነት አይደለም፤ የሌላውን የመመርመር መብት መንጠቅ ነው።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ በሙሉነታቸው የኖሩት በግእዝ ብቻ ነው። ኩምራን ሲከፈት የሄኖክ የአራማይክ፣ የኩፋሌ ደግሞ የዕብራይስጥ ቁርጥራጮች ተገኙ። የኩፋሌን ቁርጥራጮች ከግእዙ ጋር ያመሳከረው ጄምስ ቫንደርካም የግእዙ ትርጉም ታማኝ መሆኑን አረጋገጠ። እዚህ ላይም መኩራት በልክ ነው፤ የሄኖክ ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል በኩምራን አልተገኘም፤ ይህንንም ሳንሸሽግ መናገር አለብን። ከዚህ በላይ ሊያሳስበን የሚገባው ግን የሥራው ስፍራ ነው። ከውጭ ሊቃውንት ዲልማን የሄኖክን ግእዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ያሳተመው በላይፕሲግ፣ ክኒብ በ1978 በኦክስፎርድ፣ ቫንደርካም የኩፋሌን በ1989 በሉቫን ነው። ብራናውን የጠበቅን እኛ ስንሆን ቅጂዎቹን አስተያይተው ያሳተሙት ሌሎች ናቸው።

የአንድምታ መምህራን በአንድ ኃይለ ቃል ላይ ልዩ ልዩ ትርጓሜ ሲደረድሩ፣ የቅጂዎችንም ልዩነት ሲጠቅሱ ኖረዋል። ብዙ ድምፅ በአንድ ገጽ ላይ መሸከም ለእነርሱ እንግዳ አይደለም። አንድምታ ግን ንባቡ ምን እንደሚያስተምር ይጠይቃል፤ ቅጂ የሚያስተያየው ሊቅ ደግሞ ቀዳሚው ንባብ የትኛው እንደሆነ። አንዱ የሌላውን ወንበር ሊነጥቅ አይገባም፤ አንዱን የተማረም ሌላውን ሊንቅ አይችልም።

ከዚህ ፍርድ የሚከተሉ ግዴታዎች አሉ። የነገረ መለኮት ኮሌጆች ከግእዝ ጋር ዕብራይስጥና ግሪክን በቁም ነገር ያስተምሩ፤ ቅጂ ማስተያየትንም በአንድምታው ጉባኤ አጠገብ ያስቀምጡ። አዲስ አበባንና የሚኒሶታውን የኮሌጅቪል ቤተ መጻሕፍት ያገናኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ እንደሚቻል አሳይቷል፤ ገዳማትና አድባራት ይህን በዘመኑ ካሜራ ይቀጥሉት። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉትን መጻሕፍት የሚያስታውስ ባለ ብራና ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ለዚህም መልሱ ብራናው ከደጁ ሳይወጣ መነሣቱ፣ ባለቤትነቱ የገዳሙ ሆኖ መቅረቱና የውጭ ተመራማሪ የወሰደውን ምስል ሙሉ ቅጂ በአገር ውስጥ የማስቀመጥ ግዴታ ነው። ሰባኪውም፣ አሳታሚውም፣ ጋዜጠኛውም ስለ ጥንታዊ መጻሕፍት ሲናገሩ በብራና የታየውን፣ ከብራናው የተገመተውንና በእምነት የተያዘውን ለይተው ይንገሩን። በኢየሩሳሌም ቁርጥራጮቹን የቆለፈውን ቡድን ያወገዝንበት ሕግ በእኛም ዕቃ ቤት ላይ ይሠራል።